ከንድፉ በፊት የተሰጠ ምርቃት

በስብሰባው ዋዜማ ቡሩል ለአባቷ ሁሉን ልትነግራቸው ቆርጣ ሄዳ ነበር። አዛውንቱ ሻርሼን ግን ነጩን የሱፍ ባርኔጣቸውን አጥበው፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ በጉልበታቸው ላይ ወጥረው ምድጃው አጠገብ ሲያደርቁ አገኘቻቸው።

«ለነገ ነው» አሏት። «የልጄ ሥራ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ቆሽሼ ልምጣ?»

«የኔ ሥራ ብቻ እኮ አይደለም፣ አታ» አለች፤ አባትም ሽማግሌም በአገሩ እንዲህ ነው የሚጠራው። «ንድፉን የሠሩት ከዋና ከተማ የመጡ መሐንዲሶች ናቸው።»

«የማዘጋጃ ቤቱ የንድፍ ኃላፊ ማን ነው? አንቺ። ያለ ፊርማዬ አጥር እንኳ አይታጠርም ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። በይ ሻይ ቅጂልኝ፣ ወተቱን አትቆጥቢ።»

ሻዩን ቀዳችላቸው። ስለ ልባቸው መድኃኒት ጠየቀቻቸው፤ ወስጃለሁ አሏት። ስለ ብርዱ ተጨዋወቱ። ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። በሩን ስትዘጋ ለራሷ «ነገ ከስብሰባው በፊት» አለች። ይህንኑ ከመኸር ጀምሮ ስትለው ኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው ሕዝቡ ጥቂት በነበረበት ዘመን ነው። አሁን በጋ በመጣ ቁጥር የእንግዳ ማረፊያዎቹ ይሞላሉ፣ ገንዳዎቹ ይገነፍላሉ፣ ሽታው እስከ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ማጣሪያው መስፋፋት እንዳለበት ማንም አይክድም። ክርክሩ ወዴት ይስፋ የሚለው ላይ ነው። በምዕራብ በኩል ከሰፋ ፍሳሹ በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ነገር ግን በዙሪያው የሚከለለው መሬት የታችኛውን መንደር ጠቅልሎ ይወስዳል። በምሥራቅ በኩል ያለው ሜዳ ባዶ ነው፤ ሆኖም ፍሳሹን የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋል፣ በክረምት ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል። መሐንዲሶቹ ምዕራቡን መረጡ። ቡሩል ምሥራቁ ይሻላል ብላ ተከራክራ ተሸነፈች።

አንድ በር ብቻ ቀርቶ ነበር። የነገው ስብሰባ ሕዝባዊ ግምገማ ነው፤ በዚያ ላይ የመንደሩ ነዋሪዎች ተነሥተው ከተቃወሙ ንድፉ ይመለሳል፣ ሁለተኛው አማራጭም ይታያል። የቡሩል ተስፋ ይኸው ነበር። የአባቷ ጎረቤት የሆነችው የጁማሽ አፍ ብቻውን አንድ ጉባኤ ይበትናል።

የአባቷ ቤት በታችኛው መንደር ጫፍ ላይ ነው። ሻርሼን ከጋብቻቸው በፊት በገዛ እጃቸው ጭቃ እያቦኩ የሠሩት ነው። ስድስት ልጆች ተወልደውበታል። ባለቤታቸው ሳይራ የሞቱ ጊዜ የሐዘኑ የሱፍ ድንኳን የተተከለው በዚያ ግቢ ነው፤ አስከሬኑ በውስጡ ሆኖ ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙረው ሙሾ ሲያወርዱ፣ ወንዶቹ በውጭ በትራቸውን ተደግፈው ሲያለቅሱ፣ አገሩ ሁሉ በዚያ በር ገባ። ልባቸው መድከም ከጀመረ ወዲህ ሻርሼን ከልጆቻቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሞት ድንኳኔን እዚህ ትከሉ፤ ወደ መቃብር ከዚህ ግቢ አውጡኝ። ሌላ አልፈልግም።» ሐኪሙ ለቡሩል ለብቻዋ የነገራት ደግሞ ሌላ ነው፤ ዓመት ከደረሱ ትልቅ ነገር ነው። ንድፉ ከጸደቀ መንደሩ የሚነሣው በመጪው ፀደይ ነው።

በማግስቱ የባህል አዳራሹ ማሞቂያ ስለማይሠራ ሰው ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ቡሩል አባቷን በር ላይ ልታገኛቸው አስባ ነበር፤ ግን ጁማሽ ቀድማ ክንዳቸውን ይዛ አስገብታ ከፊት ወንበር አስቀምጣቸዋለች። ከዋና ከተማ የመጣው ወጣቱ መሐንዲስ ኤርኪን የምስል ማሳያው አልነሣ ብሎት ገመድ ይነቅላል ይሰካል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ያቃተህ ሰው የኛን ሽንት ቤት ልታስተካክል ነው የመጣኸው?» አለች ጁማሽ። አዳራሹ ሳቀ። ኤርኪንም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀላ።

ሰብሳቢዋ የከንቲባው ምክትል ካሊፓ ነበረች። ሰው እንዳይሰለች ፈራችና ዓይኗን ወደ ፊት ወንበሮቹ ወረወረች።

«ማሽኑ እስኪነሣ ለምን በወጉ አንጀምርም? አታ ሻርሼን፣ ከሁላችንም ታላቅ እርስዎ ነዎት። ይመርቁን።»

ቡሩል ልታስቀራቸው እጇን አነሣች። አባቷ ግን ባርኔጣቸውን አስተካክለው ተነሥተዋል። ፊታቸው ላይ ከእናቷ ሞት ወዲህ ያላየችው ብርሃን አለ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አዳራሹም እጁን ዘረጋ።

«ሥራችሁ ይቃና» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም ጥርት ያለ ነው። «የጀመራችሁትን ለመጨረስ ያብቃችሁ። እንቅፋት የሚሆን አይነሣባችሁ። ውሃችሁ ይጥራ፣ ልጆቻችሁ በሐይቁ ውሃ አይታመሙ። ይህን ያሰበ ጭንቅላት፣ ይህን የሠራ እጅ ይባረክ።»

ቡሩል ከወንበሯ ብድግ ልትል ጀምራ ነበር። ግን ሽማግሌ ሲመርቅ ማን ያቋርጣል? ቁልቁል ብታይ የራሷም መዳፎች ተዘርግተዋል።

«ኦሚን!» አለ አዳራሹ አሜንታውን ሲሰጥ፤ ሁሉም ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። እሷም አለች።

ማሽኑ የተነሣው ያኔ ነው። በነጩ ግድግዳ ላይ ከተማዋ ወጣች፤ ሐይቁ፣ አሮጌዎቹ ገንዳዎች፣ ከነሱ ቀጥሎ በሰማያዊ የተቀለሙት አዲሶቹ፣ በሁሉም ዙሪያ ወፍራም ቀይ መስመር። ኤርኪን ስለ ቁልቁለቱና ስለ ቧንቧው መናገር ጀመረ። ጁማሽ ግን ቀድማ አይታለች።

«ቆይ ቆይ! ያ መስጊዱ አይደለም እንዴ? ከመስጊዱ በታች ያለው እኛ ነን! ቀዩ ምንድን ነው?»

«የጥበቃ ክልል ነው፣ ኤጄ» አለ ኤርኪን፣ ታላቅ እህቴ እንደ ማለት። «ከመስመሩ ውስጥ መኖሪያ ቤት አይፈቀድም። ተነሺዎች በላይኛው ሰፈር አፓርትመንት ይሰጣቸዋል።»

አዳራሹ ተናወጠ። ሻርሼን ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ የባርኔጣቸው ጥላ ሐይቁ ላይ ወደቀ።

«ቡሩል፣ የኔ የትኛው ነው?»

ሄዳ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ከመስመሩ ውስጥ ነው ውጪ?»

«ውስጥ ነው፣ አታ።»

ጥቂት ቆመው ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው በትራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቆሙ።

«አታ ሻርሼን፣ ምነው ዝም አሉ?» ጁማሽ ጮኸች። «ይናገሩ እንጂ! እርስዎ ከተነሡ መንደሩ ሁሉ ይነሣል!»

«ምን ብዬ ልነሣ?» አሉ። «እንቅፋት አይነሣባችሁ ብዬ እጄን ካጠፍኩ ሻይ የሚፈላበት ጊዜ እንኳ አላለፈም። እንቅፋቱ እኔ ልሁን?»

«ምርቃቱ ለስብሰባው ነው፣ ለንድፉ አይደለም» አለች ካሊፓ። እሷም ደንግጣለች። «እንደፈለጉ ይናገሩ፣ አታ፣ ማንም አይቀየምም።»

«ለሥራው ነው የመረቅኩት፣ ልጄ። ሥራው ይኸው ግድግዳው ላይ ነው። አንቺም ኦሚን ብለሻል።»

«እኔ ቤቴን አፍርሱልኝ ብዬ አይደለም ኦሚን ያልኩት!» አለች ጁማሽ። ቢሆንም ዙሪያዋን ስታይ ከመንደሩ ሰዎች ቀና የሚል የለም። የታላቃቸውን ምርቃት በተሰጠበት ቅጽበት ማን ያፍርሰው?

ቡሩል ተነሣች።

«አባቴ አያውቁም ነበር» አለች። «መስመሩ የት እንደሚያልፍ ከመኸር ጀምሮ አውቃለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ትናንትም ቤታቸው ሄጄ ሳልነግራቸው ወጣሁ። ሳያውቁ የመረቁት ሊይዛቸው አይገባም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው «ለገዛ አባቷ?» ሲል ተሰማ፤ ሌላው በነቀፋ ምላሱን አጮኸ። ቡሩል የሕዝቡ ዓይን ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት፤ ግድ አልሰጣትም። ያ የቀረው በር ተከፍቷል። አባቷ «እውነቷን ነው፣ አላወቅኩም» ካሉ ጁማሽ ትነሣለች፣ መንደሩ ይነሣል፣ ንድፉ ይመለሳል።

ሻርሼን ወደ ኋላ ዞረው ያን ያለውን ሰው በዓይናቸው ፈለጉት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ተቀመጪ» አሏት። ለአዳራሹ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ነግራኛለች። ከአንዴም ሁለቴ ነግራኛለች። እኔ አርጅቼ ረስቼው ነው። እንድትዋሽልኝ የሚያደርጋት የአባት ፍቅር ነው፤ ልጄ ከአባቷ የምትደብቅ አይደለችም።»

«አታ...»

«ተቀመጪ አልኩሽ!»

ተቀመጠች። እንግዲህ ሽማግሌው ተነግሯቸው ነው የመረቁት፤ የቀረ ነገር የለም። ካሊፓ ተቃዋሚ ካለ እጁን ያውጣ አለች። ጁማሽ እጇን አወጣች፤ ብቻዋን መሆኗን ስታይ ክንዷ ቀስ እያለ ወረደ። ንድፉ አለፈ። ኤርኪን አቀርቅሮ ወረቀቱን ያገላብጣል።

ከስብሰባው በኋላ ቡሩል አባቷን በመኪናዋ ይዛ ወጣች። መንደሩ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሻርሼን «ወደ ቤት አትውሰጂኝ» አሉ። «የሚሰጡንን ቤት አሳዪኝ።»

ወደ ላይኛው ሰፈር ነዳች። ሕንፃዎቹ አምስት ፎቅ ናቸው፤ በመካከላቸው የመኪና ማቆሚያ፣ የብረት ጋራዦች፣ የተሰበረ ዥዋዥዌና ሦስት ሴቶች የተቀመጡበት አግዳሚ አለ። ሞተሩን አጠፋች።

«ለምን ዋሹ?» አለች።

«አንቺ ከኔ በኋላ እዚህ ከተማ ትኖሪያለሽ። እኔ የማጣው ቤት ነው፤ አንቺ የምታጪው ግን ስም ነበር።»

«ቤቱን ላተርፍልዎ ነበር።»

«አውቃለሁ። ብትነግሪኝ ኖሮ ትናንት ማታ እጮኽብሽ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ከጁማሽ ጋር ተነሥቼ አዳራሹን አተራምሰው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ደግሞ።» ትንሽ ፈገግ አሉና ተዉት። «ሳይራም ይሄ ጠባይ ነበራት፤ የሚከፋኝን ነገር ደብቃ ደብቃ፣ የምትነግረኝ ምንም ማድረግ የማልችልበት ሰዓት ላይ ነው።»

በመስኮቱ አሻግረው ጋራዦቹን አዩ።

«ድንኳኔ የት ይተከላል እዚህ?»

ቡሩል ሕይወቷን ሙሉ ሰው የት ይኑር፣ የት ይለፍ ስትወስን የኖረች ሴት ናት። ጋራዦቹን፣ ከዚያ የመኪና ማቆሚያውን በዓይኗ ለካች።

«ስሚኝ» አሉ። «ስሞት ሙሾ ስታወርጂልኝ ቤቱን አታንሺ። በእጁ የሠራው፣ የተነጠቀው ምናምን እንዳትዪ። ሰው ምርቃቱን መልሶ በላ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ አታ?»

«ስለ እናትሽ በዪ። ስለ ፈረሶቼ በዪ፤ ግራጫዋን እንዳትረሺ። ሞልቷል የሚባል።» የመኪናውን በር ከፈቱ። «ቆይ እነዚህን ሴቶች ላነጋግር። ጎረቤት ልሆን አይደል?»

«ልምጣ?»

«ምን ልትሠሪ?»

በትራቸውን እየተደገፉ በበረዶው ላይ ሄዱ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፤ አንደኛዋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው። የሚሉት በመስታወቱ ውስጥ አይሰማም። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ። አንዷ ተነሥታ በጋራዦቹ አጠገብ ያለውን፣ ድንኳን የሚይዘውን ባዶ ቦታ በእጇ አሳየቻቸው፤ ሁለተኛዋ ራሷን ነቅንቃ ወደ ዥዋዥዌው በኩል ጠቆመች፤ እዚያ መኪና እንደማይቆም የምታስረዳ ትመስላለች። ሻርሼን በጥሞና እየሰሙ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ያያሉ።

ቡሩል ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ቀረች። ልትወርድ ፈልጋ ነበር፤ «ምን ልትሠሪ?» ያሉት ቃል ያዛት።