የአባባ ዳታ

ምስሉ እንደገና ቆመ። ተኳሿ የጋለውን ካውያ ከሸሚዙ ኮሌታ ላይ ሳታነሣ አንገቷን ወደ መደርደሪያው ሰገግ አደረገች። የሳሙና ካርቶን አስደግፋ ባቆመችው ስልክ ውስጥ አባቷ እጃቸውን ወደ እሷ እንደዘረጉ ድርቅ ብለዋል። ከኋላቸው አልጋው፣ ከአልጋው ጎን ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ በር ይታያል። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረና ትንሿ ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረች።

"ኧረ ሸሚዙ! ሸሚዙ!" አለች አጣቢዋ ከወዲያኛው ጥግ።

ተኳሿ ደንግጣ ካውያውን አነሣች። ነጩ ኮሌታ ላይ ብስኩት የመሰለ ቡኒ ምልክት ቀርቷል።

"ጉድሽ ፈላ" አለች አጣቢዋ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ። የማን ትዳር እንደተናጋ፣ የማን ሥራ እንዳከተመለት ከባለጉዳዩ ቀድማ ስለምታውቅ በላውንድሪው ውስጥ "ራዳር" ነው የሚሏት። "አሁንም ጠፋ?"

"ጠፋ።"

"የሰማያዊው ኩባንያ ኔትወርክ እንደ አክስቴ ባል ነው። ሲያሻው ከች ይላል፣ ሲያሻው ያኮርፋል። ደውይላቸው እንጂ፤ ምን ታፈጪብኛለሽ?"

ደወለች። ብዙም ሳይጠራ ተነሣ።

"አለሁ" አሉ አባቷ።

"አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"እየኖርኩ።"

"ካሜራው ጠፋብኝ እኮ።"

"የናንተ ነገር መቼ ይታወቃል። በይ ሥራሽን ሥሪ፣ እናቴ።"

ዘጉት። ድምፃቸው ደህና ነበር፤ የእሷ ልብ ግን ቶሎ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ከጥቂት ወራት በፊት አባቷ አዙሯቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀዋል። ከረፋድ ጀምሮ፣ ማታ እሷ ከሥራ እስክትገባ ድረስ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተጋድመው ቆዩ። አጥንት አልተሰበረም። ሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ግን ከንፎ መጣና፣ "እኔ ጋ ይሄዳሉ። እዚያ ቢያንስ ቀኑን ሙሉ ሰው አለ" አለ። አባቷ ከዚህ ቤት የሚወጡት በሰው ትከሻ እንደሆነ ነግረውት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ተለምኖ፣ ተለቅሶ፣ በመጨረሻ በካሜራው ተስማሙ። አሮጌው ስልክ አባቷ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ሥራ ቦታዋ ሆና ታያቸዋለች፤ ወንድሟም ሲመቸው ገባ ብሎ ያያል። ካሜራው ካልሠራ ግን ይሄዳሉ። ላውንድሪው ከቤት ሩቅ አይደለም፣ በሩጫ ይደረሳል። ችግሩ መሮጥ እንዳለባት ማወቁ ላይ ነበር።

የምሳ እረፍቷ ላይ እንደ ልማዱ ምስሉ ተመልሶ መጣ። አባቷ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ገና ሁለቴ ሳትጎርስ ወንድሟ ደወለ።

"ዛሬም ጠፍቶ ነበር አይደል?"

"ትንሽ ነው የጠፋው፣ ወንድም ጋሼ።"

"ትንሽ ነው? ጠዋቱን ሙሉ ስሞክር ነበር። ስሚኝ እህቴ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። ሌሊት እየባነንኩ ነው። እሁድ መኪና ይዤ እመጣለሁ።"

"ኔትወርኩን እቀይራለሁ። ዛሬውኑ እቀይራለሁ።"

"ቀይሪ። እሁድ ግን እመጣለሁ።"

መንገዱ ማዶ ሲም ሻጩ ጥላው ሥር ተቀምጧል። ከሰማያዊው ኩባንያ ሰደርያው ሥር የሐምራዊው ሰደርያ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ሁለቱንም ኩባንያዎች ስለሚሸጥ ሁለቱንም ያማል።

"እውነቱን ንገረኝ፤ የቱ ይሻላል?" አለችው።

"ለምንድን ነው? ለሥራ ነው ለፍቅር?"

"ለአባቴ።"

ሻጩ ፈገግታውን ሰበሰበ። "ሐምራዊው በግማሽ ዋጋ እጥፍ ዳታ ይሰጥሻል። መንገድ ላይ ጥይት ነው። ግድግዳ ሲያይ ግን ይሽኮረመማል። ሰማያዊው ኪስ ያራቁታል፣ ግን ጓዳ ድረስ ይገባል።"

ኪስ ማራቆቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የምትከፈለው በተኮሰችው ልክ ስለሆነ የሁሉንም ነገር ዋጋ በሸሚዝ ማስላት ለምዳለች። የሰማያዊው የወር ጥቅል የአንድ ሳምንት ሸሚዝ ይውጣል። ያም ሆኖ ወሩ ሳይሞላ ያልቅና፣ ማታ ማታ አባቷ ፊት ስታማርር ታመሻለች።

"ጓዳ ድረስ ከገባ እኔን ለምን ያሠቃየኛል?"

"መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?"

"ጠዋት ሥራ ከገባሁ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ምሳ ላይ ይመጣል። ከምሳ ስመለስ ደግሞ ይጠፋል። ማታ እኔ ቤት ስሆን ምንም አይለውም።"

"ከአንቺ ጋር ምሳ የሚወጣ ኔትወርክ!" ሻጩ ጭንቅላቱን አከከ። "እንዲህ ያለ እንኳ ገጥሞኝ አያውቅም። እስቲ ሐምራዊውን ሞክሪ።"

የሐምራዊውን ሲም ገዛች። ላውንድሪው ስትመለስ ምስሉ ጠፍቷል። የላውንድሪው ባለቤት ኮሌታው የተቃጠለውን ሸሚዝ አንጠልጥሎ እየጠበቃት ነበር።

"ይሄ ከሒሳብሽ ይቆረጣል" አላት።

"ይቆረጥ። ዛሬ ግን ልሂድ፤ አባቴን ማየት አለብኝ።"

"ሂጂ። የቀረውን ነገ ጨምረሽ ትተኩሻለሽ።"

"ሂጂ፣ ሂጂ" አለች ራዳርም ከኋላ እየገፋቻት። "እዚህ ሆነሽ የሰው ልብስ ከምትጠብሺ።"

የግቢውን በር ገፋ ስታደርግ አባቷ ደጅ ወንበር ላይ ነበሩ። ጭንቅላታቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፣ አፋቸው ገርበብ ብሏል፣ አንድ እጃቸው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል።

"አባባ!"

ዓይናቸው ተገለጠ። እሷ መሆኗን ሲያዩ ጀርባቸውን አቀኑ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ። በካሜራው ሁልጊዜ የምታያቸው ሰውዬ ሆኑ።

"ምነው በጊዜ? ደግ ነው?"

 በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ገባችና መስኮቱ ላይ ያለውን ስልክ አነሣች። የሰማያዊው ኔትወርክ ሙሉ ነው። ወደ አልጋው ወሰደችው፣ ሙሉ ነው። ወደ ቁም ሣጥኑ ወሰደችው። መታጠቢያ ቤት ይዛው ገባች። ንቅንቅ አላለም። ግራ ገብቷት የስክሪኑን አናት ወደ ታች ሳብ ስታደርግ የዳታው ምልክት ግራጫ ሆኖ አየችው። ጠፍቷል። ተበላሽቶ ሳይሆን፣ ሰው ነክቶት።

አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

"አባባ፣ ይሄን የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት?"

"አላጠፋሁትም፤ ዘጋሁት እንጂ።"

"ለምን?"

"ለምን ይፈሳል? አንቺ ሸሚዝ ላይ አቀርቅረሽ፣ ማንም ሳይቀዳው ቀኑን ሙሉ ለምን ይፈሳል? ጠዋት እከፍትልሻለሁ፤ ገብተሽ አየሽኝ፣ እዘጋዋለሁ። ምሳ ላይ እከፍታለሁ። ማታ ከመግባትሽ በፊት እከፍታለሁ። በፈረቃ ነው።"

ተኳሿ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው የውኃ ቧንቧ ነበር። ከመንገድ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ለአንዱ ሰፈር ይከፍታሉ፣ ለሌላው ይዘጋሉ። ልጅ ሆና ጥርሷን ስትቦርሽ እንኳ ቧንቧውን ክፍት ካደረገች እጃቸው በትከሻዋ በኩል መጥቶ ይዘጋው ነበር።

"በዚህ ዳታ ምን ያህል እንደምትከስሪ ስታማርሪ ሰምቻለሁ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔም ከዚያ ወዲህ ነው ፈረቃ ያወጣሁት።"

"እኔ እኮ በየቀኑ ነፍሴ ስትወጣ ነው የምትውለው! ዛሬ የሰው ልብስ አቃጠልኩ! ወንድም ጋሼ እሁድ ሊወስድዎት ነው፤ ገባዎት? ኔትወርኩ አይሠራም ብሎ ሊወስድዎት ነው!"

አባቷ የበሩን መቃን ለቀቁ። ከዚያ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ፈረቃው እውነት ነው" አሉ። "ግን እሱ ብቻ አይደለም።"

ተኳሿ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ስታዪኝ ቀና ብዬ ነው የምቀመጠው። ወንድምሽም የሚያየኝ ሰዓት አይታወቅም። 'አባባ ደክመዋል' እንዳትሉ፣ ቀኑን ሙሉ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀና እላለሁ። ወገቤ ያመኛል፣ ልጄ። ወደዚያ በር ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ስንት ጊዜ ሄዱ ትላላችሁ። ስዘጋው ነው ትንሽ የማርፈው።"

 ዛሬ ደጅ ላይ ያየችው ሰውዬ፣ አፉ ገርበብ ያለው፣ እጁ የተንጠለጠለው፣ ሲያርፍ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

"እ፣ ተቀየረ? አሁን ገብቼ ሳይ ጨለማ ነው።"

አባቷን አየቻቸው። ወለሉን ያያሉ። ግራጫዋን ምልክት ተጭና ዳታውን ብትከፍተው፣ "ተስተካከለ" ብትለው፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አባቷም ነገ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

"ኔትወርኩ ደህና ነበር" አለች። "የሚያጠፉት አባባ ናቸው። መታየት ሰልችቷቸዋል።"

"ሰልችቷቸዋል? እህቴ፣ ጤነኛ ነሽ? ሰው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ስለ መዋሉ እኮ ነው የምናወራው!"

"አውቃለሁ። ያነሣኋቸው እኔ ነኝ።"

ቀና ብላ የመታጠቢያ ቤቱን በር አየች።

"እሁድ ና" አለችው። "መሰርሰሪያህን ይዘህ ና። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚይዙት ብረት እንተክላለን። ስልኩን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሲገቡ ይደውሉልኛል፣ ሲወጡ ይደውሉልኛል። ገብተው ካልደወሉ እሮጣለሁ።"

"ሳይደውሉ ቢወድቁስ? ብትዘገዪስ?"

 "ብዘገይ በእኔ ይሁን።"

"በእኔ ነው እንጂ በአንቺ ለምን ይሆናል!" አሉ አባቷ ከጎኗ፣ ስልኩ እንዲሰማ ጮክ ብለው። "የምወድቀው እኔ!"

"እሁድ እመጣለሁ" አለ ወንድሟ። መሰርሰሪያውን ይዞ ይሁን መኪናውን ብቻ፣ ሳይነግራት ዘጋው።

ተኳሿ አዲሱን የሐምራዊ ሲም ከሰማያዊው ጎን አሮጌው ስልክ ውስጥ ከተተችና በጫማ ክር አድርጋ አባቷ አንገት ላይ አንጠለጠለችው።

"ይግቡና በሩን ይዝጉት" አለቻቸው፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ እያሳየች።

"ዝግት አድርጌ?"

"ዝግት አድርገው።"

"አታዪኝም?"

"በምን ላይዎት?"

ገቡ። በሩ ተዘጋ። መጀመሪያ ወደ ርካሹ፣ ወደ ሐምራዊው ደወለች። አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ፣ የደወለችለትን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት እንደማይቻል በትሕትና ነገረቻት። ደግማ ሞከረች፤ ሴትዮዋም ደገመች። ከዚያ ወደ ሰማያዊው ደወለች። ከበሩ ወዲያ ስልኩ ግቢ በሚያሰማ ድምፅ ጮኸ።

"አለሁ!" አሉ አባቷ፣ በስልኩም በበሩም።

ሳትዘጋው ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዘጋችውና በራሷ ስልክ ለአባቷ የሰማያዊውን የወር ጥቅል መግዣ ቁጥር ደወለች። ምርጫዎቹ ተዘረዘሩ፦ ዳታ ብቻ፣ ዳታና ድምፅ፣ ድምፅ ብቻ። አውራ ጣቷ ሁለተኛው ላይ ደርሶ ቆመ። ከበሩ ወዲያ ምንም አይሰማም፣ ውኃም፣ እግርም። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች።

"ልውጣ?" አሉ አባቷ ከውስጥ።

"ይቆዩ እንጂ" አለች፣ ድምፅዋን አረጋግታ። "ማን አስቸኮለዎት?"

ሦስተኛውን ተጫነችው።