ከገደሉ ጫፍ የነበረችው ሽሽግ

ሙሉሐረግ ስልኳን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ የቢሮውን የውጭ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ኔትወርክ ከጠፋ አንድ ሰዓት አልፎታል፤ ጣሪያው ላይ ግን ከውሃው ታንከር አጠገብ ለቆመ ሰው አንዳንዴ አንድ መስመር ብልጭ ይላል። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቆርቆሮው በጫማዋ አልፎ እግሯን ይፋጃት ጀምሯል። ከታች የሰመራ ባጃጆች አቧራውን እያቦነኑ ይመላለሳሉ።

«ሂድ! በናትህ ሂድ!» አለችው ስልኩን።

መልእክቷ አልሄደም። ጠዋት ፊቷን እየታጠበች ሳለ የገባው የእሱ መልእክት ግን እዚያው ከላይ ተቀምጧል፤ «ሰላም ቀያሽ። ገዋኔ ነው ያደርኩት። አራት ሰዓት ግድም አዋሽ ነኝ፤ መኪናዋን አቁሜ በቀጥታ ወደ ገደሉ። ሦስት ሊትር ውሃ ይዣለሁ። በመጨረሻ!»

ይህን የጻፈላትን ሰው መልኩን አይታ፣ ድምፁን ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው በጨዋታ ስሙ ብቻ ነው፤ «ሃያ ሁለት ጎማ»። እሷም ለእሱ «ቀያሽ» ናት፤ ሥራዋም የመሬት ቅየሳ ነው። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ሰው «ሽሽግ» የሚሏትን፣ ደብተር ያለባትን ትንሽ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገብቶ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ውስጧ ባለችው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ መልሶ እዚያው ይደብቃታል። ሽልማት የለ፣ ገንዘብ የለ። የቢሮ ጓደኞቿ «የአዋቂ ድብብቆሽ» እያሉ ይስቁባታል። እሷ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በጅቡቲ መንገድ ላይ አምስት ሽሽግ አኑራለች። አንዷ ሚሌ አጠገብ ከተገለበጠ አሮጌ ቦቴ ላይ፣ ከብሎኖቹ መካከል የውሸት ብሎን ሆና ነው ያለችው። አንዷን ከሲሚንቶ ድንጋይ አስመስላ ሠርታ እልፍ ድንጋይ መሐል ጥላታለች።

ፈላጊዎቿ አልፎ አልፎ የሚያልፉ ፈረንጆች ነበሩ። አራቱን ያገኘው ግን አንድ ሰው፣ ሃያ ሁለት ጎማ ብቻ ነው። የሚሌዋ ደብተር ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎላት ነበር፤ «ብሎኑን ስፈታ ሦስት ሹፌሮች ቆመው ‹እንርዳህ ወይ?› አሉኝ። ከዚህ የሞተ ቦቴ ምን እንደምፈልግ ማስረዳት አቃተኝ።» ሙሉሐረግ ይህን ያነበበችው በጠራራ ፀሐይ ብቻዋን ቆማ ነው፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከሥሩ መልስ ጻፈችለት። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሽሽግ ስታስብ የምታስበው እሱን ነው፤ ይህንን እንዴት ያገኘው ይሆን እያለች።

አምስተኛዋ ተወልዳ ባደገችበት በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ናት። ጋሽ ባህሩ የሚባል የሰፈሯ በያጅ ከአሮጌ የሐዲድ ብረት ጋር የተበየደ፣ ከወገብ የሚደርስ ቱቦ ሠርቶላት አብረው ተከሉት። ደብተሯ በቱቦው ውስጥ ታች፣ ቡሽ በታሰረባት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ናት። እጅ አይደርስባትም፤ ውሃ ሲሞላ ብቻ ተንሳፋ ትወጣለች። ግን ቱቦው ሦስት ቀዳዳ ስላለው ካልደፈኑት ውሃው ይፈሳል። ሁለቱ ወደ ከተማው የዞሩ ናቸው። ሦስተኛዋን ሙሉሐረግ ሆን ብላ በገደሉ በኩል አስበሳቻት፤ ፈላጊው ዞሮ፣ ተንበርክኮ፣ ቱቦውን አቅፎ በጣቱ እንዲደፍናት። ያኔ ከቱቦው ጀርባ ሦስት እርምጃ ጠንካራ መሬት ነበር። እሷ ራሷ ተቀምጣበታለች።

ከዚያ ምድሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አዋሽና ዙሪያው ለወራት ሲናጥ ከረመ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ባህሩ ደውሎ፣ «ሙሌ፣ ከቱቦሽ ኋላ መሬቱ ተሰንጥቋል። እጄን ብከተው እስከ ክርኔ ገባ» ብሏት ነበር።

«በዚህ ሳምንት እዘጋዋለሁ፣ ጋሽዬ።»

ኢንተርኔት ላይ የሽሽጓን ገጽ ለመዝጋት ስልኳን አንድ ጊዜ መንካት ይበቃ ነበር። አልነካችም። ሃያ ሁለት ጎማ «መኪናዬ ጋራዥ ናት፤ ስትወጣ መጀመሪያ አዋሽ ነው የምሄደው» ብሎ ጽፎላት ስለነበር፣ እሱ ሳያያት መዝጋቱን አልፈለገችም። ሲመጣ አስቀድሞ ይነግረኛል፣ ያኔ አስጠነቅቀዋለሁ ብላ ራሷን አሳመነች። በእርግጥም አስቀድሞ ነገራት፤ መልእክቱን ስታየው ግን ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር።

አንድ መስመር ብልጭ አለ። ጋሽ ባህሩ ጋ ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም።» ደገመች። ያው ነው። አዋሽ ሆቴል ያላት አብሮ አደጓ አስረሳሽ ጋ ደወለች፤ ተነሳ።

«ሄሎ? ሙሌ?»

«አስረሳሽ! አሁኑኑ ገደሉ ጋ ሰው ላኪ! ከባቡር ጣቢያው ጀርባ!»

«ሄሎ? … አይሰማም … ምን አልሽ?»

«ገደሉ ጋ! ሰው እንዳይጠጋ!»

«ኧረ ሄሎ … መልሰሽ ደውዪ …»

ተቋረጠ። መስመሩም ጠፋ። ሙሉሐረግ ታንከሩን ተደግፋ እስከ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጠበቀች። ከዚያ ለማንም ሳትናገር ወርዳ፣ ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ ሄደች። አዋሽ ሩቅ መሆኑን፣ እንደማትደርስበት ታውቃለች። ግን መቆም አልቻለችም።

የሚኒባሱ ሹፌር ሙእሚን የሚባል ጠይም ጎልማሳ ነው። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። መንገዱን ሙሉ ስልኳን ከመስታወቱ ጋር አስጠግታ ይዛ ሄደች። ሚሌ ሲደርሱ ስልኳ በእጇ ውስጥ ደጋግማ ነዘረች፤ ኔትወርክ መጣ። የጠዋቱ መልእክቷም ሄደ፤ መልስ ግን የለም። አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነበር።

ጋሽ ባህሩ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ከኋላው የብየዳ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሽዬ፣ ሩጥ! ገደሉ ጋ ሰው መጥቷል፤ ከቱቦው ጠርሙሷን ሊያወጣ ነው!»

«የትኛው ሰው?»

«ሩጥ አልኩህ! በኋላ እነግርሃለሁ!»

ስልኩን ሳይዘጋ ሲሮጥ ሰማችው፤ ትንፋሹን፣ የሰፈር ውሻ፣ የመኪና ጥሩምባ። ከዚያ ጥሪው ተቋረጠ። በአንድ እጇ ገጹን ከፍታ ሽሽጓን ዘጋቻት። «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ወዲያው ወጣ። እንዲህ ቀላል ነበር።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጋሽ ባህሩ መልሶ ደወለ።

«ጋሽዬ?»

«መሬቱ የለም፣ ልጄ» አለ። «ቱቦውም የለም። ሰውየው ከታች ድንጋይ ላይ ይታያል። ይጮሃል፤ አልሞተም።»

ሙሉሐረግ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደፊት ተደፋች። ሙእሚን ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ምን ገጠመሽ፣ እህቴ?»

«አዋሽ … ሰው ገደል ገባብኝ።»

«ኢና ሊላሂ! ወንድምሽ ነው?»

«አይደለም። አላውቀውም።»

ሙእሚን ዞር ብሎ አያት። «አላህ ያትርፈው» አለና ነዳጁን ረገጠ። የቻለውን ያህል ነዳ። ግን መንገዱን ግመሎች ይዘውት ሲያቋርጡ ከመጠበቅ በቀር ምን ያደርጋል? ገዋኔ ኬላ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ተፈተሸ። አንዱ ፈታሽ ቦርሳዋን ከፍቶ ጂፒኤሷን አገላብጦ እያየ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አላት። «የሥራ ዕቃ ነው» አለች። ለጓደኛው አሳየው። ጓደኛው ለአለቃው አሳየው። እሷ ፀሐይ ላይ ቆማ ጋሽ ባህሩ በየጊዜው እየደወለ የሚነግራትን ታዳምጣለች፤ ገመድ አጠረ፤ ሹፌሮች የጭነት ማሰሪያ ገመዳቸውን ቀጣጠሉ፤ የአካባቢው አፋሮች በሌላ በኩል መንገድ አውቀው ወረዱ፤ ቃሬዛ ላይ ነው፤ ወጣ። ወጣ ሲላት ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

አዋሽ ስትገባ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ተሳቢ መኪናው የመንገዱ ዳር ላይ ሥርዓት ባለው አኳኋን ቆሟል፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደርጎለታል። ቶሎ ሊመለስ ያሰበ ሰው መኪና ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ ባህሩ ከሕዝቡ መሐል ወጥቶ ክንዷን ያዘና ወደ አጥሩ ወሰዳት። እጁ በገመድ ተልጧል።

«ስሚኝ» አለ በለሆሳስ። «ብረቱን እንዳቀፈ ነው የወደቀው። የሐዲድ ብረት ሊሰርቅ ሲነቅል ወደቀ እያሉ ነው። ፖሊሱም እንደዚያ እየጻፈ ነው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል? ብረቱን የበየድኩት እኔ ነኝ። ከየት አመጣኸው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አራት ልጆች አሉኝ፣ ሙሌ።» ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። «እኔ አወጣሁት፤ የምችለውን አድርጌያለሁ። ማንም ስላንቺ አያውቅም። እይውና ሂጂ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሰውየው አልጋው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ አንገቱ በካርቶን ታስሯል፤ ፊቱ በአቧራ፣ በደምና በላብ ተለውሷል። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ፀጉሩ ከፊት የተመለጠ፣ ሰፊ ግንባር ያለው፣ ማንም የማያስተውለው ዓይነት ሰው። ሲስተር ሉላ የምትባለው ነርስ ግሉኮሱን እያስተካከለች ነበር።

«ዘመዱ ነሽ?»

ሙሉሐረግ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች።

«ሃያ ሁለት ጎማ?»

ዓይኑን ከፈተ። ሲፈልጋት፣ ሲያገኛት፣ ሲያስብ አየችው።

«ቀያሽ?» አለ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ወንድ መስለሽኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

«ሦስት ሊትር አይበቃም» አለ፤ ለሥራ ባልደረባ እንደሚነገር፣ ያለ ቅሬታ። «ጠርሙሷ ግማሽ ላይ ደርሳ ቡሿን አየኋት። ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ … እግሬ አይሰማኝም። ንገሪያቸው፣ እግሬን ይሸፍኑልኝ፤ የበረደኝ ይመስለኛል።»

እግሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ነበረ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ሙሉሐረግ ብርድ ልብሱን ይዛ ከእግሩ በላይ ከፍ አድርጋ መልሳ አለበሰችው።

«ተሸፈነ» አለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«መሬቱ ተሰንጥቆ እንደነበር አውቅ ነበር» አለች። ጮክ ብላ ያለችው መስሏት ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። እሱም ዓይኑን ጨፍኗል።

ፖሊሱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። መንጃ ፈቃዱን እያየ፣ «ጥጋቡ … የትውልድ ቦታ … ኮምቦልቻ» እያለ ይገለብጣል።

«አምቡላንሱ ተመልሷል» አለች ሲስተር ሉላ ለሁሉም። «አዳማ ሪፈር ተጽፎለታል። አከርካሪው ነው፤ እዚህ የምናደርግለት ነገር የለም። አብሮት የሚሄድ ሰው ግን ያስፈልጋል። የሚያውቀው የለም?»

በር ላይ የቆሙት ሹፌሮች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጭነት እንደያዘ አጉረመረመ። ሌላው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«ሌባ ማን ዘመድ አለው» አለ ከውጭ አንድ ድምፅ።

ያኔ ከአልጋው ጎን፣ ልብሱ ከተጠቀለለበት ፌስታል ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሲስተር ሉላ አውጥታ አየችው። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፤ ስሙ ግን ይነበባል፤ «የቤቴ እመቤት»።

«ሚስቱ ናት» አለች። ወደ ፖሊሱ ዘረጋችው። ፖሊሱ ብዕሩን አሳያት፤ ሥራ ላይ ነኝ ለማለት። ወደ ሹፌሮቹ ዘረጋችው። ማንም እጁን አልዘረጋም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ወዲያው እንደገና ጀመረ። ጋሽ ባህሩ ከበሩ ማዶ ሆኖ ሙሉሐረግን አያትና ራሱን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ሙሉሐረግ ስልኩን ከነርሷ እጅ ወሰደች።

«ጥጌ! ከጠዋት ጀምሮ ምነው አታነሳም?» አለች ሴትየዋ፤ ከኋላዋ ቴሌቪዥንና የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«እህቴ፣ ጥጋቡ አይደለም። ሙሉሐረግ እባላለሁ፤ ከአዋሽ ነው። በሕይወት አለ፤ አጠገቤ ነው። ግን ክፉኛ ተጎድቷል፤ ቁጭ በይና ስሚኝ።»

ጫጫታው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ፖሊሱ ቀና አለ።

«ሰዎች ሌላ ነገር ሊነግሩሽ ይችላሉ፤ እንዳትሰሚያቸው። ብረት ሊሰርቅ አልሄደም። እኔ የደበቅኩትን ዕቃ ሊፈልግ ነው የሄደው። ቦታው አደገኛ መሆኑን ከሦስት ሳምንት በፊት አውቄ ነበር፤ አልነገርኩትም። አሁን አብሬው ወደ አዳማ እየሄድኩ ነው። ስልኩ እኔ ጋ ነው፤ በደወልሽ ሰዓት ሁሉ አነሳለሁ።»