ለመሰበር የተሠራ ድስት

ሄን የመሥሪያ ክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ ሸዋነሽ መዶሻ ይዛ ቆማ ነበር። ከእግሯ ሥር ሰባት ድስት ገል ሆኖ ተበትኗል፤ ስምንተኛውን ከመደርደሪያው ልታወርድ እጇን ዘርግታለች።

ለሴቶቹ ገዢ የምታፈላልገው ልጅ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ደፉ ላይ ቆመች። የተቆጣ ሰው እንደሚያባብሉት በለሰለሰ ድምፅ፣ «እማማ ሸዋነሽ፣ በደብዳቤው ተናደሽ ነው?» አለች።

«የምን ንዴት? ይልቅ መጥረጊያውን አቀብዪኝ፤ ገሉ እግርሽን እንዳይቆርጥሽ።»

«ታዲያ ለምን ትሰብሪያለሽ?»

ሸዋነሽ ዞር ብላ አየቻት። «ትናንት በስልክ ‘የአምናዎቹን ድስቶች ለፋሲካ አዘጋጂ’ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ይኸው አዘጋጀሁ።»

«ማ አሲት፣» አለች ሄን በዕብራይስጥ፣ ግንባሯን ይዛ፣ «ምን አደረግሽ? አጥበሽ ደርድሪልኝ ማለቴ ነበር እኮ። ሰውዬው አሁን ይመጣል።»

ጥግ ላይ ተቀምጣ አዲስ ድስት በጠጠር የምታለሰልሰው ሌላዋ ሸክላ ሠሪ ሰንበቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት ለካ እንዲህ ነው። እንግዲህ ሳህን አንቸገርም።»

ሸዋነሽ አልሳቀችም። እሷ ባደገችበት በጎንደር ገጠር፣ በቤተ እስራኤል ዘንድ ፋሲካ ሲደርስ ዓመቱን ሙሉ የተበሰለበት ሸክላ ሁሉ ይሰበራል። ሸክላ እርሾውን ወደ ሆዱ ይጠጣል፤ ቢያጥቡት አይለቅም፤ በፋሲካ ደግሞ እርሾ ቤት ውስጥ አይገኝም። እስራኤል ከገባች ጀምሮ የሚሰበር ሸክላ አልነበራትም፤ ድስቷ ሁሉ ብረት ነው። አምና ከፋሲካ በኋላ ይህ መሥሪያ ክፍል ሲከፈት ግን ሴቶቹ በሠሯቸው ድስቶች ምሳቸውን ሲያበስሉ ከረሙ። ስለዚህ የአምናዎቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁ ሲባል ሸዋነሽ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ሄን ያሰበችው ደግሞ ሌላ ነው። ኤልዳድ የሚባል የስጦታ ዕቃ ነጋዴ የድስቶቹን ፎቶግራፍ አይቶ ጥላሸታቸውን ወዶታል። ሄን ክረምቱን በሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር፣ «ዛሬ በሸክላ ማን ያበስላል?» ከማለት ያለፈ ነገር የነገራት ገዢ እሱ ብቻ ነው። ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሠፈራቸው ይህን ክፍል የሰጣቸው ማኅበር ደግሞ ደብዳቤ ልኳል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ገዢ ካልተገኘ ክፍሉ የስፖርት መሥሪያ ይሆናል።

ሸዋነሽ ደብዳቤውን አልረሳችውም። ሃያ ሁለት ዓመት በኢንዱስትሪ ቀጠናው አትክልት ስታሽግ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ወጥታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ከርማ፣ እጇ ጭቃውን እንደገና ያወቀው አምና ነው። ይህ ክፍል ከተዘጋ ወደዚያ ወንበር መመለስ ነው። ፈርታለች፤ ግን ፍርሃቷን ለሰው አታሳይም።

ኤልዳድ መጣ። ገሉን አየ፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቁራጭ አነሣና አገላበጠው።

«ያሳዝናል፣» አለ በዕብራይስጥ። «ካርድ ሁሉ አሠርቼላቸው ነበር። ‘የመጨረሻዎቹ ሸክላ ሠሪዎች’ የሚል።»

«የመጨረሻዎቹ እነማን ናቸው?» አለች ሸዋነሽ።

«እናንተ ናችኋ።»

«እኛ ገና ምሳችንን አልበላንም።»

ሰንበቱ ጠጠሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልታዳምጥ ተመቻቸች።

ኤልዳድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቀ። ነገሩ አልተበላሸም አለ። ሁለት መቶ ትንንሽ አሻንጉሊት ከሠሩለት ዛሬውኑ ይፈርማል፤ ልጅ ያዘለች እናት፣ መዳፍ የምታህል፣ የምታብረቀርቅ። ሄን ወደ ሸዋነሽ አየች። ዓይኗ ይለምን ነበር።

«አሻንጉሊት የገዛህ ሰው መቼ ተመልሶ ይመጣል?» አለች ሸዋነሽ።

«ለምን ይመለሳል? አንዴ ገዛ እኮ።»

«የእኔ ገዢ በየዓመቱ ይመለሳል። ፋሲካ ሲመጣ ይሰብራል፣ አዲስ ይገዛል። እናቴ ስድስት ልጅ ያሳደገችው በዚህ ነው።»

«ያ ድሮ ነው። አሁን ማን ይሰብራል?»

«እኔ። የቆምክበትን አታይም?»

ኤልዳድ ጫማውን አነሣ አድርጎ ገሉን አየ። «ልብ በዪ፣ ሌላ ገዢ የላችሁም።»

«አውቃለሁ። ድስት ከፈለግህ ከመጋረጃው ጀርባ አርባ አዲስ ድስት አለ። እሳት ይችላል፣ ወጥ ይሠራል። አሻንጉሊት ግን አልሠራም። ሰው የማይበላበትን ዕቃ ሠርቼ ካርድ አይለጠፍብኝም።»

ኤልዳድ ምንም ሳይገዛ ስልክ ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ሄን መጥረጊያውን አንሥታ መጥረግ ጀመረች፤ ገሉን ሳይሆን ባዶውን ወለል ነበር የምትጠርገው።

«አልቅሺ እንጂ፣ ማን ይከለክልሻል፣» አለቻት ሰንበቱ።

«አላለቅስም። ግን አሁን ምን እናደርጋለን?»

«ዓርብ መኪናሽ ባዶ ናት?» አለች ሸዋነሽ።

«ለምን?»

«ድስቶቹን መሀል ከተማ እናወርዳለን፤ ሰው ለፋሲካ የሚገዛዛበት ቀን ነው። አንቺ በሁለቱም ቋንቋ ጻፊልኝ። ‘አሮጌ ሸክላ ያላችሁ አምጡና እዚሁ ስበሩ፤ አዲስ ግዙ።’»

«አሮጌ የሌለውስ?» አለች ሰንበቱ። «እዚህ አገር ሸክላ ያለው ሰው የታለ?»

«‘የሌላችሁ ዘንድሮ ግዙ፤ ለከርሞ ትሰብሩታላችሁ’ ብለሽ ጨምሪበት፣» አለቻት ሸዋነሽ ሄንን።

ሄን ብዕሯን አውጥታ ቆመች። «ፈቃድ የለንም እኮ። ይቀጡናል።»

«እረግ፣ ልጄ፣ ይቅጡን። ቀጪው መጀመሪያ መጥቶ ድስቱን ይየው።»

ሄን ጻፈች። ዕብራይስጡ ፈጥኖ አለቀ፤ በአማርኛው ላይ ሸዋነሽ አጠገቧ ተቀምጣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራችላት ቆዩ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ብርድ ልብስ አነጠፉ። መጀመሪያ ሰዉ ቆሞ አይቶ ያልፍ ነበር። ሸዋነሽ ከአዲሶቹ አንዱን አንሥታ በጋዝ ላይ ጣደችና ሽንኩርት ማቁላላት ጀመረች። አንድ የጎንደር ሽማግሌ ቀርበው ድስቱን በጣታቸው አንኳኩ፤ ድምፁን አዳመጡ፤ «ይህስ ደኅና ተተኩሷል፣» ብለው ሁለት ገዙ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ቀና ለማለት ጊዜ አላገኙም።

እስከ ቀትር ሠላሳ አራት ድስት ተሸጠ። ማኅበሩ ይህን እንደ ገዢ አልቆጠረውም፤ በወሩ መጨረሻ ክፍሉን ወሰደ። ሴቶቹም ጭቃቸውን ጭነው በኢንዱስትሪ ቀጠናው ወዳለው የሰንበቱ ልጅ ብየዳ ቤት ጓሮ ገቡ፤ ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን የከርሞውን ድስት መሥራት ጀመሩ።