የበረኛው ላሾ ካርድ

አይሊ ኮስኪን ሆኪ ወዳጅ ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። ልጅ ሆና፣ የከተማዋ የቲሚንስ ቡድን «ቀይ ድቦች» ጨዋታ በጨረሰ ቁጥር በጓሮ በር ቆማ ተጫዋቾቹን ፎቷቸው የታተመበት ካርድ ላይ ታስፈርም ነበር፤ የቲሚንስ ብርድ ቀለሙን እንዳያረጋባት እስክሪብቶውን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ። ቡድኑ ከፈረሰ ብዙ ዘመኑ ነው። እሷ ግን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳች አርጅታ፣ ጡረታም ወጥታ፣ የዚያን ቡድን ካርዶች ማሳደዱን አልተወችም። ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈርሞባቸው አልበሟ ውስጥ ገብተዋል። የቀራት የበረኛው የቤንዋ ላሾ ነው። ላሾ ገና በመጀመሪያው የውድድር ዓመቱ በመኪና አደጋ ስለሞተ፣ ፈርሞ የተዋቸው ካርዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከነዚያ አንዱ በረሚ ጎድሮ እጅ ነበር። ረሚ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእንጨት ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በየጥቅምቱ ከካፑስካሲንግ ከተማ እየነዳ ይመጣና፣ በበረዶ ሜዳው አዳራሽ በሚደረገው የካርድ ገበያ ላይ ከአይሊ አጠገብ ጠረጴዛ ይይዛል። ያንን ካርድ ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ «እንቁልልጭ» ይላትና መልሶ ይከተዋል። እሷም አፏ እንዳመጣላት ትሰድበዋለች። ከዚያ መረቅ የፈሰሰበት ድንች ጥብስ ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ ማንም በማያስታውሳቸው ጨዋታዎች ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ አይሊ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ቀን ይህ ብቻ ነበር። ለእሱ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖራለች።

ዘንድሮ ረሚ አርፍዶ መጣ። የካርድ ሳጥኖቹን አልያዘም። ካርዱን አወጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው።

«በይ ውሰጂው።»

«በምን ልለውጥህ?»

«በምንም። የቀረውን ካርዴን ሁሉ ለክላረንስ ሰጥቼዋለሁ። ዓይኔ ለመንዳት እምቢ አለኝ። ልጄ እዚያ ሩቅ ሃሊፋክስ፣ እሷ ዘንድ ልትወስደኝ ነው፤ ሐሙስ እንሄዳለን።»

አይሊ እንደ ደንቡ ካርዱን በጠርዙ ይዛ ወደ መብራቱ አነሳችው። ሰማያዊው ፊርማ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ካርዱ ላይ አንዲት ጭረት የለችም።

«ማዕዘኑ ለስልሷል» አለች።

በካርድ ሰዎች ዘንድ ይህች ቃል የታወቀች ናት። ልውውጡን ያልፈለገ ሰው ባለካርዱን ላለማስቀየም ካርዱ አርጅቷል እንደማለት ማዕዘኑ ለስልሷል ይላል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ረሚን ግን እንዲህ ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። ጆሮው ቀላ።

«የትኛው ማዕዘን?»

«ያኛው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ክላረንስ፣ እስቲ ያንን ማጉያ መነጽርህን ይዘህ ና።»

ፊት ለፊታቸው የሚነግደው ወፍራሙ ክላረንስ መጥቶ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አየ። «ይሄ እኮ ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። አይሊ፣ መነጽርሽን ቀይሪ» ብሎ ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ።

«ሰማሽ?» አለ ረሚ። «ስንት ዓመት ስትጨቀጭቂኝ ኖረሽ፣ ዛሬ እጅሽ ላይ ሳስቀምጠው ትንቂብኛለሽ?»

«አልናቅኩትም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አይሊ አንገቷን ደፋች። «እሱን ከወሰድኩ በኋላ ምን ብዬ እፈልግሃለሁ?»

የረሚ ቁጣ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሰበብ አያስፈልግሽም» አላት። «ድሮም አያስፈልግሽም ነበር። ካርድማ ካፑስካሲንግም አለ እኮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

መናገር ይቻልባቸው የነበሩት ጥቅምቶች ሁሉ አልፈዋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው። «እዚሁ ቅር» ልትለው ፈለገች። ግን ዓይኑ የደከመን ሰው ከልጁ ነጥላ ምን ልታደርገው?

«ልጄ ውጭ ሞተር አስነስታ እየጠበቀችኝ ነው» አለ ረሚ። አልበሟን ራሱ ከፍቶ ባዶውን ቦታ ፈለገና ካርዱን አስገባው። ከዚያ እጁን እጇ ላይ አሳረፈ። ተነሳና በጠረጴዛዎቹ መካከል፣ መንገዱን እየዳበሰ ማለት ይቻላል፣ ወጣ።

ክላረንስ ቀና ሲል የሞላውን ገጽና የአይሊን እንባ አየ።

«ሰዎች፣ ላሾን አገኘችው፤ አይሊ ሞላላት» ብሎ ተጣራ።

ካርድ ሰብሳቢ ሌላ ሰብሳቢ ስብስቡ ሞላለት ሲባል ቅናቱን ዋጥ አድርጎ መነሳት ደንቡ ነው። ከየጠረጴዛው እየመጡ አጨበጨቡላት፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። አንዷ አቅፋ ሳመቻት።

«እንኳን ደስ አለሽ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረሽ?» አለቻት።

አይሊ በሩን በሩን እያየች፣ «ምንም፤ ምንም አልቀረኝም» አለቻት።