የደከመው ሞላ

ታላቅየዋ ከሪፎርመሩ ግርጌ ተንበርክካ ሞላዎቹን በደረቅ ጨርቅ ስትወለውል ጣቷ ቀዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሪፎርመሩ አልጋ የሚመስል ረጅም የእንጨት ስፖርት መሥሪያ ነው፤ በላዩ ያለው መደብ በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ ከስሩ ያሉት ሞላዎች ደግሞ መልሰው ይስቡታል። ከሞላዎቹ ሁሉ ጠንካራው ቀዩ ነው። ጥምዝምዞቹ ተጣብቀው መቀመጥ ሲገባቸው፣ መንጠቆው አጠገብ ያሉት ተላቅቀው በመካከላቸው ብርሃን ይታያል። የደከመ ሞላ ምልክቱ ይኸው ነው፤ ቀን ይጠብቃል እንጂ መበጠሱ አይቀርም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወዲያው ነቅላ ትጥለው ነበር። ዛሬ ግን ጨርቁን እንደያዘች ቀረች፤ ከመስታወት ግድግዳው ወዲያ የእህቷ ሳቅ ይሰማታል።

ታናሽየዋ ጡረታ ከወጡት ዳኛ ጋር ነበረች። ሰውየው ወገባቸውን ይዘው በምርኩዝ ሲመጡ የተቀበለቻቸው፣ ላስቲክ እያስጎተተች፣ ኳስ በጉልበታቸው መሃል እያስጨመቀች ምርኩዙን ያስጣለቻቸው ታላቅየዋ ናት። በቅርቡ ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ቅር እንዳይላት፣ ሰዓቱ ይመቸኛል ብለው ከታናሽየዋ ጋር መሥራት እንደፈለጉ ነገሯት። የሰዓቱ ነገር ሰበብ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈርዱ የኖሩ ሰው ለመዋሸት ሲቸገሩ ማየቱ ከፍርዱ የባሰ ነበር። እሳቸውን ተከትለው ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። መሄዱስ ይሁን፤ ግን እዚያው ቤት ውስጥ፣ ዐይኗ እያየ ነው የሄዱት።

ይህን የሰውነት ማፍታቻ ቤት ያቆመችው እሷ ናት። ታናሿን ሥራ ፈትታ ብታያት ዕቃ እንድታቀብል ብላ አመጣቻት። ልጅቱ ሰው ለመንካት እጇን ስትዘረጋ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለች ትቀልድባት ነበር። ቀልዱ ከአፏ መቼ እንደጠፋ እንጃ። ከዚያ ዳሌዋ ታመመ፤ ሠርቶ ማሳየት ተሳናትና የማስተማሪያ አፍ ብቻ ቀራት። ታናሽየዋ ደግሞ እጅ ነበራት። መዳፏን ሰው ጀርባ ላይ ስታሳርፍ፣ የተወጠረው ትከሻ እንደ ጨው ይሟሟል። ታላቅየዋ ይህን ከማንም ቀድማ አየች፤ አይታም አንጀቷ አረረ።

ዛሬ አንዲት የአጥንት ሐኪም ቤቱን ልታይ ትመጣለች፤ ከወደደችው ታካሚዎቿን ወደዚህ ልትልክ ነው። ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ታላቅየዋ ነበረች። ሐኪሟ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ ያቺ እጇ የተመሰከረላት ልጅ መኖሯን ጠየቀች። «አለች» አለቻት፤ ሌላ ምን ትበል።

ታናሽየዋ በመጨረሻ ቆማ የምትሠራውን እንቅስቃሴ ለማሳየት አስባለች። አንድ እግር ጠርዙ ላይ፣ አንዱ መደቡ ላይ፤ መደቡን የሚይዘው ቀዩ ሞላ ብቻ። ያ ከተበጠሰ መደቡ ከእግሯ ስር ይከዳታል።

እኔ ምን አደረግሁ፣ አለች ታላቅየዋ ለራሷ። አልነካሁትም፤ አየሁት እንጂ። ያዩትን ሁሉ መናገር ግዴታ ነው? ጉዳት አልተመኘችላትም፤ መንሸራተት ብቻ፣ ሰው ፊት አንዴ መደናገጥ ብቻ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፣ ሐሳቡ ቀለል ብሏት ጨርቁን አጣጥፋ ተነሣች።

ሐኪሟ መጥታ የመጭመቂያውን ቀለበት አገላብጣ አየች፣ ጀርባ የሚንጋለልበትን ቅስት መቀመጫ ዳበሰች፣ ብዙ ጠየቀች። ታናሽየዋ ለሁሉም መልስ ነበራት። ታላቅየዋ ግድግዳ ተደግፋ ዳሌዋን እያሳረፈች ሰማቻት። አንዳንዱ ቃል የራሷ ነበር፤ ከእህቷ አፍ ሲወጣ ግን ያምር ነበር።

ከዚያ ታናሽየዋ ጫማዋን አውልቃ አንድ እግሯን ጠርዙ ላይ፣ ሌላውን መደቡ ላይ አሳረፈች። ከመግፋቷ በፊት እንደ ልማዷ ዞር አለች።

«እቴቴ፣ ሞላው ደህና ነው አይደል?»

ተጠራጥራ አልነበረም። ሕፃን መንገድ ሊሻገር ሲል የታላቁን እጅ እንደሚፈልገው ነው። ታላቅየዋ «ደህና ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጦ ክብደቱን ቀመሰችው።

«ውረጂ» አለች። «ቀዩ ደክሟል።»

ታናሽየዋ ወርዳ ጎንበስ ብላ ክፍተቱን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ቶሎ ግን ቀና ብላ «አዩ ዶክተር፣ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ከዐይኗ ምንም አያመልጥም» አለች። ሐኪሟ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ምስጋናው ታላቅየዋ ላይ እንደ ምጽዋት ወደቀ። ብትቆጣት፣ ብታዋርዳት ይሻላት ነበር።

ሞላውን ሊነቅሉ ሁለቱም ሲያጎነብሱ ታናሽየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መቼ አየሽው?»

«ጠዋት።»

ታናሽየዋ ሞላውን ከመንጠቆው አላቀቀች።

ቀና ሲሉ፣ የታላቅየዋን ማነከስ ስታስተውል የቆየችው ሐኪም፣ ፈቃዷ ከሆነ በእሷ ላይ ሥራውን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይቻልም። ታናሽየዋ ለስላሳዎቹን ሞላዎች ከመንጠቆው አገናኘች፣ እያንዳንዳቸውን ሳብ ሳብ አድርጋ ፈተሸች፣ ከዚያ ፍራሹን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ተኚ፣ እቴቴ።»

ታላቅየዋ ተኛች። እግሮቿ ጠፍሩ ውስጥ ገቡ፤ አሁን ሙሉ ክብደቷ ሁሉን በሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ነው። የእህቷን ፊት ፈለገች፤ ፊቱ ግን ወደ ሥራው አጎንብሷል። ይህ እጅ ከእኔ ምንም አያገኝም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

መዳፉ ከዳሌዋ ስር ገባ። ሙቅ ነበር፤ አልተቻኮለም፤ አልገፋም። የሚያመውን ቦታ ሳይጠይቅ አገኘውና እዚያው ቆየ። መደቡ በዝግታ ሄዶ በዝግታ ተመለሰ። ስንት ጊዜ የለመነችው፣ ስንት ጊዜ የተቆጣችው ዳሌ፣ እሷን ሳያማክር፣ ለባላጋራዋ ተፈታ። ሕመሙ ሲሸሽ ተሰማት፤ ከሕመሙም ይልቅ ይህ አንገበገባት።

«ላቁም?» አለቻት ታናሽየዋ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ታላቅየዋ ዐይኗን ከጣሪያው አልነቀለችም። እጁ እንዳይነሣ ግን ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች።