ምንም አልተሰማም

«የባልሽን ደብተር የቀማ ሰው፣ በምን ዓይኑ ሊያየን መጣ?» አለች አክስቷ ወለተ ኪዳን፣ ወደ ውዴ ጆሮ ጠጋ ብላ።

አምባቸው ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። የእድሩን ድንኳን የተከለውም፣ የባሏን የቢያዝንን መቃብር የቆፈረውም እሱ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ውዴ ከለቅሶው ፍራሽ ላይ ሆና አየችውና አንገቷን ደፋች። ከሐዘኑ ይልቅ ጸጸቱ ከበዳት።

ቢያዝን የኤሌክትሪክ መምህር ነበር። ከጓሯቸው እስከ ጣና ዳር ዋርካ ድረስ ረጅም ሽቦ ዘርግቶ፣ ጫፉን ከሬዲዮው አያይዞ፣ ማለዳ ማለዳ ያዳምጣል። ጁፒተር እንደ ሐይቁ ማዕበል ስትንሿሿ እሷንም አሰምቷታል። የእሱ ልብ ግን ሩቅ ነበር፤ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶች ካሉ፣ እነሱም በዚያው በዝቅተኛው የሬዲዮ ሞገድ ይሰሙ ይሆናል ባይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የኮከቡን ስም፣ ሰዓቱንና የሞገዱን ቁጥር እየጻፈ፣ ከግርጌው «ምንም አልተሰማም» ይላል።

«ምንም ካልተሰማ ምን ያስጽፍሃል?» ብላ ስቃበታለች።

«ያልተሰማበትንም ካልጻፍሁት፣ ከኋላዬ የሚመጣው እዚያው ሲዳክር ይኖራል» አላት።

በ1970 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ መጣ ሲባል፣ ያ ሁሉ ቁጥር የሰላይ ምስጢር ይመስልበታል ብላ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ምንም የሌለበት ደብተር አይደል! አሳሾቹ ሽቦውን አይተው ሲያፈጡ፣ ቤት እንዲያሳያቸው ታዝዞ አብሯቸው የመጣው ጎረቤቷ አምባቸው «የልብስ ማስጫ ነው» ብሎ መለሳቸው። ቢያዝን ከሥራ ገብቶ ደብተሩን ሲያጣ ግን ፊቱን ፈራችው። «አምባቸው ወሰደው» አለች፤ ምላሷ እንኳ አልተደናቀፈም። ከዚያ ወዲያ ባሏ ሽቦውን ጠቀለለ፤ አምባቸውንም ስምንት ዓመት የእግዜር ሰላምታ ነፈገው። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ሞት ቀደማት።

«እታለም፣ ልሂድ እንግዲህ» አለ አምባቸው ተነሥቶ። «ምን እንደ በደልሁት ሳልጠይቀው መቅረቴ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«አልበደልኸውም!» ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «ደብተሩን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። አንተ ወሰድኸው ብዬ የነገርሁትም እኔው ነኝ።»

ወለተ ኪዳን እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«ለእሱ ነበር መንገር» አለ አምባቸው ዝግ ብሎ።

ውዴ ፈቀቅ ብላ፣ ከፍራሹ ላይ በእሷና በሟች ወንድም መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀች። አምባቸው በሩን እያየ ቆሞ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።