የምልኬሳ ስፖኪዮ

ምልኬሳ ባጃጅ ካስነሳ አፉም አብሮ ይነሳል። ከአዳማ መናኸሪያ ፍራንኮ እስኪደርስ የተሳፋሪውን ዘር ማንዘር ጠይቆ፣ የራሱንም ተናዝዞ ይጨርሳል። ዓይኑን ስፖኪዮው ላይ ይተክላል፣ ከዚያ ማን ያስቆመዋል!

አሁን ግን የባጃጇ ቁልፍ በእናቱ በእትዬ ሻሼ መቀነት ተቋጥሯል። ለወገብ ሕመም የጀመረው ትራማዶል ሱስ ሆኖበት፣ አንድ ቀን ባጃጇን ከነተሳፋሪዋ ቦይ ሊከታት ሲል ለጥቂት ተረፈች። "ሲስተር ሌንሳ ይንዳ ካላለችኝ ቁልፍ የሚባል የለም!" ብለው ቆረጡ እናቲቱ።

የሱስ ሕክምና ክፍሏ ሲስተር ሌንሳም የዋዛ ሰው አይደለችም። "መድኃኒቱ አምሮቱን ያስታግስልሃል፤ ወደ ክኒኑ የሚገፋህን ነገር ግን አንተው ነህ የምትነግረኝ" አለችው። መድኃኒቱንስ በየጠዋቱ ፊቷ ይውጣል። ለምክር ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን ያ ሁሉ ወሬኛ ጭጭ! "ደህና ነኝ፣ ተመስገን።" ሦስት ሳምንት ሙሉ ይችኑ! ወይ ጉድ፣ አፉን ቤቱ ረስቶ የመጣ ይመስል።

በአራተኛው ሳምንት ሌንሳ ወንበሯን አንስታ ከኋላው ተቀመጠች። የቦርሳ መስታወቷን ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ "ፍራንኮ!" አለችው።

ምልኬሳ ሳቀ። ከዚያ በመስታወቱ አያትና፣ "ከየት ነሽ ሲስተር?" አለ።

"ከሁሩታ። አንተስ፣ ወገብህን ብቻ ነው የሚያምህ?"

"ወገቤማ ከዳነ ቆየ። አባቴ የሞተ ዕለት ሦስት አራት ውጬ ቀብር ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ ፈዝዤ ቆሜያለሁ። ለአባቴ አንዲት እንባ እንኳ አልወጣኝም! በምን ፊቴ መቃብሩ ጋ ልሂድ? ባሰብኩት ቁጥር እውጣለሁ።" እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ ወዲያማ ሌንሳ ሰዓቷን አይታ "ወራጅ አለ!" ካላለች ወሬው አያልቅም። በአራተኛው ወር እትዬ ሻሼን አስጠርታ፣ "መድኃኒቱንም ምክሩንም አያቋርጥ እንጂ፣ ይንዳ" አለቻቸው።

እትዬ ሻሼ መቀነታቸውን ፈትተው ቁልፉን ሰጡትና ከኋላ ጉብ አሉ።

"ወዴት ነው እማዬ?"

"አባትህ ጋ።"

ምልኬሳ ስፖኪዮውን ወደ እናቱ አዞረ፤ የሳቸውም ዓይን እንደሱው እንባ አቅርሯል። ባጃጇን አስነሳ።

"ቀስ ብለህ ንዳ ታዲያ" አሉት፣ "እኔ እንደሆነ አይቼው ልመለስ ነው እንጂ እዚያው ልቀር አይደለም!"